ውሻው ሳይጮህ ጽሑፉ ጮኸ

የምሠራው ፊልም በሚተረጎምበት ስቱዲዮ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ሙሉ ርዝመት ያለው የልጆች ካርቱን ተሰጠኝ፤ ለሲኒማ አዳራሽ ሰብታይትል፣ ማለትም ከምስሉ ግርጌ የሚነበበውን ትርጉም፣ እንድሠራለት። የዚሁ ካርቱን የቴሌቪዥን ተከታታይ በእጄ ያለፈ ነው። እያንዳንዱ ታሪክ 11 ደቂቃ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን በእንቅልፍ ልቤም አውቃቸዋለሁ። «ይሄማ ያለቀ ነገር ነው» አልኩ።

ፊልሙ በሁለት ኮፒ መጣልን፤ አንዱ ለሲኒማ፣ አንዱ ለቴሌቪዥን የተዘጋጀ። የሲኒማው ፋይል ከባድ ስለሆነ ኮምፒውተሬ ላይ ይንቀራፈፋል። በቴሌቪዥኑ ኮፒ ተረጎምኩ፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚወጣበትንም ሰዓት በእሱ ለካሁ። የከነከነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የዋናዋ ልጅ ድምፅ ትንሽ ቀጠን ብሏል። ተዋናይዋን ቀይረዋት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በማስረከቢያው ዋዜማ ጽሑፉን በሲኒማው ኮፒ ላይ ጫንኩት። ውሻው ገና ሳይጮህ ጽሑፉ ይጮሃል። 3 ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ሁሉንም በ3 ሰከንድ አዘገየሁት፤ መግቢያው ገጠመ። ደስ ብሎኝ ወደ መሃል ስሄድ ቀልዱ ሳይነገር ጽሑፉ ቀልዶ ጨርሷል። እንደገና አዘገየሁ። መሃሉ ሲገጥም መግቢያው ተበላሸ። እንዲህ ስለፋ እኩለ ሌሊት ሆነ። በመጨረሻ ለላኪዎቹ «የላካችሁት ፋይል የተበላሸ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ለአለቃዬም ግልባጭ አድርጌ።

ጠዋት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የድምፅ ባለሙያችን ከኋላዬ ቆመው ጥቂት አዩ።

«የሁለቱን ርዝመት አይተሻል?»

አላየሁም። የሲኒማው 90 ደቂቃ፣ የቴሌቪዥኑ 86 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ።

«ታዲያ የተቆረጠ ነገር አለ ማለት ነው፣ ጋሼ?»

«ምንም አልተቆረጠም። እየሮጠ ነው እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። የኤሌክትሪክ መስመራቸው 50 ሄርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) በሆነባቸው ብዙ አገሮች ደግሞ ቴሌቪዥን የተሠራው በሰከንድ 25 ምስል እንዲያሳይ ነው። ስለዚህ ፊልሙን በ4 ከመቶ ያህል አፍጥነው ያጫውቱታል። ዓይን አይለየውም። ድምፁ ካልተስተካከለ ግን ይቀጥናል፤ ተዋናይዋ አልተቀየረችም ለካ! በፊልሙ አንደኛ ደቂቃ ላይ ልዩነቱ 2.4 ሰከንድ ብቻ ነው። አሥረኛው ላይ 24 ሰከንድ ይሞላል፤ መጨረሻው ላይ ከሦስት ደቂቃ ተኩል ያልፋል። እየሰፋ የሚሄድን ክፍተት ነው እኔ በአንድ ቁጥር ልደፍነው የታገልኩት። ሰብታይትል መሥሪያው ላይ «ከ25 ወደ 24» የሚል ምርጫ አለ። አንድ ጠቅታ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበር።

ጽሑፉ ሲገጥም ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ሌላ ጉድ! የሲኒማው ምስል ሰፊ ነው። የቴሌቪዥኑ ኮፒ ለድሮው 4 በ3 ስክሪን ሲባል ግራና ቀኙ ተቆርጦ ከስፋቱ ሩብ በላይ ጠፍቷል። አንድ ቦታ አያትየው «ና፣ ቶሎ!» ይላሉ ብዬ ተርጉሜያለሁ፤ በእኔ ኮፒ ፊት ለፊታቸው የሚታየው ወንዱ ዳክዬ ብቻ ነበራ። በሲኒማው ግን ጥግ ላይ ትንሿ እህት ቆማለች፤ የሚጠሩት እሷን ነው። እንግሊዝኛው «ና» ሲል ወንድና ሴት አይለይም፤ የእኛ ይለያል። እንዲህ ያለ ሰባት ቦታ አገኘሁ። ሰባቱንም «ና» «ነይ» አደረግኳቸው።

ከዚያ ለላኪዎቹ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለአለቃዬም ግልባጭ።