ይሄ ሁሉ ሜዳ ባዶ ሆኖ ምን አጠጋው?

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነበር። ገርጂ፣ ከአንድ የገበያ ሕንጻ ጀርባ ያለው ማቆሚያችን ገና አልሞላም። 60 መኪና በሚይዝ ሜዳ ላይ አንዲት ነጭ ቪትዝ ብቻ ቆማለች። ባለቤቷ አስተማሪ ናቸው፤ ቲቸር እንላቸዋለን። በየጠዋቱ ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ አንድ ዲፎርዲ ገባ። ሹፌሩ ሜዳውን ቃኘት አደረገና ቀጥ ብሎ መጥቶ ቪትዟ ጎን ልጥፍ አለ። በመሃላቸው ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። በሩን ሲከፍት ጫፉ የቪትዟን በር መታው። ጣት የምታህል ጭረት ተወላት።

ቲቸር ማታ መጥተው ጭረቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አልጮሁም። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሜዳ ባዶ ሆኖ ምን አጠጋው?» ብቻ አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከጓደኞቼ ጋር በማኅበር ተደራጅተን ፓርኪንግ መሥራት ከጀመርን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። ነገሩ በየቀኑ ፊቴ ላይ ይሆናል፤ ለምን ብዬ ግን አንድም ቀን አላሰብኩትም። ጥያቄያቸው አላስተኛኝም። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ነው የምጽፈው፤ ምናልባት እንደኔ ማቆሚያ የሚያስተዳድር ሰው ይጠቀምበታል።

መጀመሪያ በእጄ ወደ ማዶ መጠቆም ጀመርኩ። «ወደዚያ ግባ፣ ሰፊ ነው!» ግማሹ ይታዘዛል፣ ግማሹ ያኮርፋል። ሹፌርን ራቅ ወዳለ ቦታ ስትልከው ይጠረጥርሃል። ጥሩውን ቦታ ለሌላ ሰው ያስቀመጥክበት ይመስለዋል። አንዱማ «ለዘመድህ ነው?» ብሎኛል። ቀጥሎ ካርቶን ላይ «እባክዎ ተራርቀው ያቁሙ» ብለን ጽፈን ሰቀልን። ዝናብ እስኪወስደው ተሰቅሎ ቆየ፤ ቆም ብሎ ያነበበው ሰው አላየሁም። ኮን ደርድረን ክፍተት ለመፍጠርም ሞከርን። ሰዉ ይወርድና ኮኑን አንስቶ እዚያው ይገባል።

ነገሩ የገባኝ መጠየቅ ስጀምር ነው። እሱንም መጀመሪያ ላይ አበላሽቼዋለሁ። «ለምን እዚህ አቆምክ?» ስትለው ሹፌር ጥፋት ያገኘህበት ይመስለዋል። ወይ «እንጃ» ይላል፣ ወይ «ምን አገባህ?» ጥያቄውን ገልብጬ «እዚያ ማዶ ብታቆማት ምን ያሳስብሃል?» ማለት ስጀምር ግን ሁሉም አፉን ፈታ። ደረሰኝ እየቆረጥኩ እጠይቃለሁ፤ ሄድ ሲሉ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ ግማሽ ደረሰ።

ብዙዎቹ ያነሱት ታርጋን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዳ ሰው ይሄን ሳይነግሩት ይረዳዋል። ያልተፈቀደ ቦታ ካቆምክ ትራፊክ መጥቶ ታርጋህን ፈቶ ይሄዳል፤ ወይ ጎማህ ተቆልፎ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ሹፌር አዲስ ቦታ ሲገባ ዓይኑ የሚፈልገው ምልክት አይደለም፤ ታርጋው እንዳለ የቆመ ሌላ መኪና ነው። የሱ ካልተፈታ የኔም አይፈታም ነው ነገሩ። የኛ ሜዳ የግል ግቢ ነው፣ ትራፊክ አይገባበትም። ግን ሰው የመንገድ ልማዱን በር ላይ አራግፎ አይገባም። «እዚያ ማዶ የተያዘ ቦታ መስሎኝ» ያሉኝም አሉ። ባዶ መሆኑ ራሱ አስፈርቷቸዋል። ማንም ያልቆመበት አንድ ነገር ቢኖረው ነው ብለው።

ሁለተኛው የመሬቱ ጉዳይ ነው። ክረምት ነበርና ሜዳው እዚህም እዚያም ውኃ አቁሯል። አንድ አዛውንት የታክሲ ሹፌር እንዲህ አሉኝ፦ «ውኃው ሥር ጉድጓድ ይኑር አይኑር በምን አውቃለሁ? መኪና የቆመበት መሬት ግን ይሸከማል።» እውነታቸውን ነው። እኔ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ስለማውቃቸው ሌላው ሰው እንደማያያቸው ረስቼው ነበር።

ሌባም ተነስቷል፤ በተለይ የስፖኪዮ ሌባ። ዘበኛ የሚያየው ሰው ወዳለበት ነው ይላሉ። ጎረቤት ያለው መኪና ሁለት ባለቤት እንዳለው ነው፤ ያኛውም ሲመጣ ያንተን በዓይኑ ገርፎ ያልፋል።

ከሁሉም ግን ውስጤ የቀረው የአንዲት ልጅ መልስ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወር አልሞላትም። በጣም ተጠግታ ስለቆመች ልቆጣት ነበር የሄድኩት። «ባዶ ሜዳ ላይ ማቆም አልችልም» አለችኝ። «ጠማማ ልሁን ቀጥ ልበል አላውቅም። ጎኔ መኪና ካለ ስፖኪዮዬን ከሱ ስፖኪዮ ጋር አስተካክላለሁ።» ቁጣዬ ጠፋ። እኛ አንድም መስመር ያልተሠመረበት መሬት ሰጥተን፣ ሰው ቀጥ ብሎ በልኩ እንዲቆም ስንጠብቅ ነበር። መስመር በሌለበት መስመሩ ሌላው መኪና ነው።

በቁጥር ሳየው ደግሞ ይበልጥ ገባኝ። አንድ የማቆሚያ ቦታ 2 ሜትር ተኩል ወርድ ቢሰጠው በቂ ነው። የድሮ ኮሮላ ወርዷ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው። ሁለት ኮሮላ እያንዳንዳቸው በመስመራቸው መሃል ቢቆሙ በመሃላቸው 80 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ብዙ አይደለም፤ ግን በር ከፍተህ ትወርዳለህ። ያለ መስመር ሹፌሩ የሚለካው በዓይኑ ነው። መሪ ደግሞ ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። ጎረቤቱን እንዳልነካው ብሎ ባፈጠጠበት ቁጥር ወደ ጎረቤቱ ይሳባል።

እዚህ ላይ ስደርስ መሞከር ፈለግኩ። አንድ የማኅበራችን ልጅ አሮጌ ኮሮላ አለው። ከመክፈታችን በፊት በየቀኑ የተለያየ ቦታ እንዲያቆማት ተስማማን። በሩ አጠገብ ሲያቆማት ቀጥለው የሚገቡት እዚያው ይከማቻሉ፤ የጠበቅነው ነው። በሦስተኛው ቀን መጨረሻ ጥግ፣ ከሕንጻው መግቢያ በጣም ርቃ ቆመች። ያን ቀን የመጀመሪያዎቹ አራት መኪኖች ያን ሁሉ ባዶ ሜዳ አቋርጠው እሷ ጎን ሄደው ተደረደሩ። ሰዎቹ ወርደው ረጅሙን መንገድ በእግራቸው ተመለሱ። ቆሜ ሳየው ዓይኔን አላመንኩም። እስከዚያ ድረስ የሚያከማቻቸው ለበሩ መቅረብ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ኮሮላዋን ሆን ብለን አጣመምናት። ከአጥሩ ጋር ቀጥ በማለት ፈንታ አፍንጫዋን ወደ ቀኝ አዞርናት። ቀጥሎ የገባው አብሯት ተጣመመ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንዲሁ። 4 ሰዓት ሲሆን አንድ ረድፍ ሙሉ ጠማማ ነበር። እያንዳንዱ ሹፌር ከጎረቤቱ ጋር ልክ ነው፤ ከአጥሩ ጋር ግን ማንም ልክ አይደለም። ወደ እኩለ ቀን ያቺ ኮሮላ ወጣች፣ ረድፉ ግን እስከ ማታ እንደተጣመመ ዋለ።

የታክሲ ተራን አስቡት። ሁለት ሚኒባስ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ባዶ፣ አንዱ አምስት ሰው ከያዘ ሰው የሚገባው የት ነው? አምስት ሰው ያለበት። ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይወጣል። ባዶው ወረፋው ላይሆን ይችላል፣ ሹፌሩ ምሳ ላይ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የገባው ሰው ባይናገርም አንድ ነገር ነግሮሃል። ሹፌሮቻችንን «እንደ በግ ይከተላሉ» ብዬ ስማረርባቸው የነበረውን ያን ጊዜ ተውኩት። ሳያስቡ አይደለም የሚጠጉት። ሜዳው ዝም ስላላቸው መኪናውን ነው የሚጠይቁት።

ስለዚህ ሜዳው እንዲናገር ማድረግ ነበረብን። ጉድጓዶቹን በገረጋንቲ ሞላን። መጀመሪያ በኖራ አሠመርን፤ ሁለት ዝናብ አጠበው። ገንዘብ አዋጥተን የመንገድ ቀለም ገዛን። ክር ወጥረን፣ በሜትር ለክተን፣ ሁለት እሑድ ፈጀብን። ትልልቆቹን መኪኖች አስበን አንዱን ረድፍ ሰፋ አደረግነው። ማዶ ጥግ ላይ ፓውዛ ሰቀልን። የዘበኛውን ወንበር ደግሞ ከበሩ አንስተን መሃል ላይ አደረግነው። ዋጋ ያላስወጣን ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ሥራውን ግን ከፓውዛው ባልተናነሰ ሠርቷል።

ከዚህ ሌላ ኋላ ላይ የሚያድሩ መኪኖች መጡልን፤ በየጠዋቱ ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበው ነው የሚገኙት። ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋግረን ሦስቱን ሦስት የተለያየ ቦታ ማሳደር ጀመርን፤ ቀጥ አድርገን፣ መስመር መሃል ላይ፣ ከጎንና ከጎናቸው ቦታ እንዲተርፍ። ስማቸውን ወያላ አልናቸው፤ ሰው ስለሚጠሩልን። በማግሥቱ ጠዋት የሚገባው መኪና ለሦስት ተከፈለ። ሰዉ አሁንም ከሰው ጎን ነው የሚቆመው። ግን በር ላይ መጨናነቁ ቀነሰ፤ በአንድ መስመር ዘለል ብሎ የሚቆምም በዛ።

ጥላን ግን ማሸነፍ አልቻልንም። ከምሥራቅ በኩል አንድ ትልቅ ዛፍ አለን። ጠዋት ጥላው ወደ ሜዳው ይወድቃል፣ ሁሉም እዚያ ይሽቀዳደማል። ከሰዓት ጥላው ወደ አጥሩ ማዶ ዞሮ መኪኖቹ ፀሐይ ላይ ይቀራሉ። ለሹፌሮቹ ደጋግሜ ነግሬአለሁ። ይሰሙኛል፣ በማግሥቱም እዚያው ያቆማሉ። በዚህ ላይ መታገሉን ትቼዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ይማራል። ደብተሬን አይቶ በ2019 እ.ኤ.አ. ፖል ክራፒቭስኪና ሲድኒ ሬድነር የሚባሉ ሁለት የፊዚክስ ተመራማሪዎች ስለዚሁ ጉዳይ መጻፋቸውን ነገረኝ። ሹፌሮችን ለሦስት ከፍለው በሒሳብ አነጻጸሯቸው። አንደኛው እንደገባ ዳር ላይ፣ ከሕንጻው በጣም ርቆ ከቆመው መኪና ቀጥሎ ያቆማል። ሁለተኛው በተስፋ እስከ ሕንጻው በር ድረስ ሄዶ ቦታ ካጣ ይመለሳል። ሦስተኛው ዳር ያለውን አልፎ መሃል ላይ ያገኘው የመጀመሪያ ክፍተት ውስጥ ይገባል። በመንዳትም በእግርም የሚጠፋውን ጊዜ ሲደምሩት በአማካይ ሦስተኛው በለጠ፣ ሁለተኛው በጥቂት ተከተለው፣ መጨረሻ የወጣው የመጀመሪያው ነው። እኔ ጋ ብዙ የሚመጣው ይሄው የመጀመሪያው ነው። ሒሳቡን አከብራለሁ። ግን ታርጋና ጉድጓድ፣ ጨለማና ስፖኪዮ ሒሳቡ ውስጥ የሉም። የኔ ደንበኛ ከሁለት ደቂቃ ይልቅ ስለነሱ ነው የሚጨነቀው።

መስቀል አደባባይ ሥር ያለውን ማቆሚያም ሄጄ አይቼዋለሁ። በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ ወደ 1,400 መኪና እንደሚይዝ ነው የተነገረው። ጠዋት ጭር ባለ ሰዓት ነበር የወረድኩት። እዚያም መጀመሪያ የገቡት መኪኖች መውጫው አካባቢ ተሰብስበዋል። ግን መስመር ስላለ በር ለበር አልተጣበቁም። እሑዳችንን ሠውተን ማሥመራችን ልክ እንደነበር ያመንኩት እዚያ ቆሜ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ተሳስቼ ነበር። ቀን ላይ የሠራልኝን ማታም ልጫነው ሞከርኩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የሚመጡ ሴቶች ዘበኛው አጠገብ፣ መብራት ሥር፣ መኪና መሃል ማቆም ይፈልጋሉ። እኔ «ማዶ ሰፊ ነው» እላለሁ። አንዷ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ «አንተ ማታ 3 ሰዓት ላይ ብቻህን እዚያ ድረስ ሄደህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ማንንም አላራርቅም። ያንን ሰዓት ተጠግቶ መቆም ትክክል ነው፤ የኔ ሥራ ሲጠጉ እንዳይጋጩ መምራት ነው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ምሽት ዝናቡ እየወረደ መብራት ጠፋ። ፓውዛውም፣ ሕንጻውም ድርግም አለ። የዘበኛው ባትሪ ብቻ ነበር የቀረው። ቲቸር ማዶ ካቆሙበት ቪትዟን አስነስተው ወደ ዘበኛው ቤት መጡ። ሥራ ስላለባቸው ሌላ አንድ ሰዓት መቆየታቸው ነው። የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ያ ዲፎርዲ ጎን። ጭረቷ አሁንም በሩ ላይ አለች። የዲፎርዲው ሹፌር አያቸውና ሳልጠራው ወረደ። ስፖኪዮውን አጠፈ፣ መኪናውን አስነስቶ ወደ አጥሩ አስጠጋ። ከዚያ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ስልኩን አበራላቸው። «ይምጡ፣ ይምጡ ቲቸር… ወደ ቀኝ ይስበሩት… ይመልሱ… ትንሽ… በቃ!»