አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው የማይነጋገሩ ኮምፒውተሮች

ቅዳሜ ማታ ነው የምፅፈው፣ እግሬ አብጧል። ፋሲካ አልፎ የሰርግ ካርድ ሰሞን ስለገባ ሱቃችን ውስጥ መቆሚያ እንኳን የለም። ከዘጌ የመጡት ጋሼ፣ የሙሽራዋ አጎት፣ ከጠዋት ጀምረው በር ስር ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው "ልጆቼ ጀልባ እንዳታስመልጡኝ" ሲሉ ነበር፣ 200 ካርድ ነው ያዘዙት፣ እኛ ደግሞ አንዷንም ገና አላተምንም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲዛይኑ የኔ ላፕቶፕ ላይ ነው፣ ፕሪንተሩ ያለው ታናሽ እህቴ ኮምፒውተር ላይ። የኔ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ፣ የሷ ዊንዶውስ 11። ፎልደሩን ሳምባ በሚባለው፣ ሊኑክስ ለዊንዶውስ ፋይል በሚያካፍልበት ፕሮግራም ሼር አድርጌ እሷ ከዛ እየከፈተች ታትማለች፣ ለእሷም የራሷን ዩዘር ሰጥቻታለሁ፣ ስንት ጊዜ እንዲህ ሰርተናል። ባለፈው ሳምንት ግን ዲስኩን ቀይሬ በኡቡንቱ 20.04 ፋንታ አዲሱን 24.04 ከባዶ ጫንኩት፣ ከዛ ወዲህ በቃ እምቢ አለ። ፍላሽ አለ አይደል እንዳትሉኝ፣ የእኛ ፍላሽ የከተማውን ቫይረስ ሁሉ ዞሮ የጨረሰ ነው፣ ፎልደሮቹን ሁሉ ሾርትከት አድርጎ ነው የሚመልሰው።

"እታለም ያንቺ ኮምፒውተር ኔትወርክ ላይ የለም" አለችኝ። እኔ ደግሞ አመሌ ነው፣ ወዲያው "ዊንዶውስሽ ነው፣ ሁሌም ዊንዶውስሽ ነው" አልኳት። አየሁላት፣ ዋይፋዩ ፐብሊክ ተብሎ ተቀምጧል፣ ይሄ ኮምፒውተሮች እንዳይተያዩ ያደርጋል፣ ወደ ፕራይቬት ቀየርኩላት፣ አሁንም የለም። ኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ ዊንዶውስ የኔትወርክ ዝርዝሩን ድሮ በሚያወጣበት መንገድ አይደለም አሁን የሚያወጣው፣ ሳምባ ብቻውን ደግሞ በአዲሱ መንገድ ራሱን አያስተዋውቅም፣ ሌላ አጋዥ ፕሮግራም ይፈልጋል። ስለዚህ እስኪታይ መጠበቅ ከንቱ ነው። ላይ አድራሻው ቦታ ሁለት ወደኋላ ያዘመሙ ሰረዞች አድርጋ የላፕቶፔን ቁጥር 192.168.1.7 ብላ ፃፈች፣ ዩዘርና ፓስወርድ ጠየቃት። እልል አልኩ።

ፓስወርዱ አልገባም። ይሄኛው የኔው ጥፋት ነው፣ ሊኑክሱ ላይ ለእሷ ዩዘር ስከፍት ለሳምባ ለብቻው ፓስወርድ መስጠት እንዳለብኝ ረስቼዋለሁ፣ ሳምባ የራሱን መዝገብ ነው የሚያየው። ሰጠሁት። እንደገና እምቢ፣ ምክንያቱም በመሃል በኔ ዩዘር ሞክራ ነበርና ዊንዶውስ ለአንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ሁለት ስም አልቀበልም አለ። የድሮውን ግንኙነት አጥፍተን እንደገና። አሁን ገባ፣ የፎልደሩም ስም ታየ! ስትከፍተው "ፈቃድ የለሽም"።

ጋሼ ቀና ብለው "እነዚህ ሁለቱ ተጣልተው ነው እንዴ?" አሉ። እህቴ ሳቋን ለመደበቅ ፕሪንተሩ ስር አጎነበሰች።

በዚህ መሃል ሞባይል የሚጠግነው ጎረቤታችን መጥቶ "ዊንዶውሱ ላይ ያንን የድሮውን ኤስኤምቢ ዋን አብሩት፣ ወዲያው ይሰራል" አለ፣ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚቀባበሉበትን የድሮ ቋንቋ ማለቱ ነው። ልጁ ለሰው የሚያስብ ነው ግን አልሰማሁትም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ አለምን ያመሰው በዛው በር ገብቶ ነው፣ ማይክሮሶፍትም በዛው አመት መጨረሻ ላይ አዲስ ከሚጫነው ዊንዶውስ 10 ላይ ማስቀረት ጀምሯል። ደግሞም ሁለቱም ማሽኖች አዲሱን ቋንቋ ይችላሉ፣ ስም አይተው ፓስወርድ ተቀባብለዋል እኮ፣ ቋንቋ አይደለም ያጣላቸው።

አንድ ሻይ ጠጣሁ። ከጣና በኩል ንፋሱ ጀምሯል፣ የዘንባባው ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ከዛ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አሁን አደረግኩ፣ ኔትወርኩን ትቼ እዛው ላፕቶፔ ላይ በእህቴ ዩዘር ሆኜ ፎልደሩን ለመክፈት ሞከርኩ። እምቢ! እዛው ቤት ውስጥ እምቢ ካለ ዊንዶውስ ምን አደረገ ታዲያ? ፎልደሩ የተቀመጠው እኔ ሆም፣ ማለትም የግል ፎልደሬ ውስጥ ነው፣ ኡቡንቱ ደግሞ ከ21.04 ጀምሮ አዲስ የሚከፈተውን ሆም የፈቃድ ቁጥሩን 750 አድርጎ ነው የሚዘጋው፣ ለባለቤቱ ሁሉም፣ ለግሩፑ ማየትና መግባት፣ ለሌላው ዜሮ። ድሮ 755 ነበር፣ ሌላውም ሰው አልፎ ይገባ ነበር። የሰርጉን ፎልደር ስንት ጊዜ ፍቃድ እየቀየርኩ ስለፋ የዋለሁት ያለ ምክንያት ነው፣ እልፍኙን ከፍቼ የግቢውን በር ቆልፌዋለሁ። እሷ ላይ ደግሞ ስጮህ።

ሆሙን መክፈት አልፈለግኩም፣ የግል ነገሬ ያለው እዛ ነው። ፎልደሩን አውጥቼ ኤስአርቪ በሚባለው፣ ከሆም ውጭ ባለው ፎልደር ስር አስቀመጥኩት፣ ለሁለታችን አንድ ግሩፕ ከፈትኩ፣ የሳምባውን መንገድ አስተካክዬ ሪስታርት አደረግኩት። "ገባ" አለች በቀዝቃዛ ድምፅ። ይቅርታ አልኳት፣ ቀስ ብዬ፣ ጋሼ እንዳይሰሙ። ሰምተዋል መሰለኝ።

"አንዱ ፋይል ግን ምንድነው ይሄ?" ብላ ስክሪኗን አዞረችልኝ። ሌሎቹ ስማቸው በአማርኛ ቁልጭ ብሎ ይነበባል፣ ይሄኛው ግን ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ሆኗል። እኔ ጋ ስሙ "ምሳ 8:30" ነው፣ በፈረንጁ ሁለት ነጥብ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ያንን ነጥብ አይቀበልም፣ ስለዚህ ሳምባ ሌላ ስም ሰጥቶ ነው የሚያሳየው። በእኛው ሁለት ነጥብ "ምሳ 8፡30" ብዬ ፃፍኩት፣ እሱን ያለምንም ጥያቄ ተቀበለ።

ጋሼ ሲወጡ በፌስታል ሎሚ ትተውልን ሄዱ። ጀልባውን ደርሰውበታል፣ ደውለው ነግረውናል።