ስለ ቶማሶ ቡሼታ ስንከራከር

ዛሬ ከንባብ ጓደኞቼ ጋር በሲሲሊው የማፊያ ሰው በቶማሶ ቡሼታ የሕይወት ታሪክ ላይ ተወያየን። ውይይቱ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

አብዛኞቹ ሰውየውን ወድደውታል። «ጀግና ነው» ያሉም ነበሩ። ለምን እንዳሉ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት ወንዶች ልጆቹ የገቡበት ጠፋ። በ1984 ከብራዚል ለጣሊያን ተላልፎ ሲሰጥ፣ ማፊያው ከታች እስከ ላይ እንዴት እንደተዋቀረ ለመርማሪ ዳኛው ለጆቫኒ ፋልኮኔ ዘረዘረ። በ1986 በሲሲሊዋ ከተማ በፓሌርሞ ከ400 በላይ ተከሳሾች የቀረቡበት ታላቅ ችሎት ከዋና መሠረቶቹ አንዱ የእሱ ቃል ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም።

ጀግና ማለት ግን ይከብደኛል። ቡሼታ ስለ ሌሎቹ የማፊያ አለቆች «ከሃዲው እኔ አይደለሁም፤ የድሮውን ክብር የከዱት እነሱ ናቸው» የሚል ሰው ነበር፤ ብዙ አንባቢም ይህን አምኖ ይቀበልለታል። የትኛው ክብር? በ1963 ፓሌርሞ ዳር ባለችው ቻኩሊ ላይ በመኪና የተጠመደ ቦምብ 7 የጸጥታ ኃይል አባላትን የፈጀው እኮ በዚያው «በክብሩ ዘመን» ነው! እነዚያ ሰዎች ቤተሰብ አልነበራቸውም?

አንዲት እናት ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው «ልጆቹ ሲጠፉበት ያለቀሳችሁ፣ እሱና ባልደረቦቹ ላስለቀሷቸው እናቶችስ?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም።

ቡሼታ በ2000 አሜሪካ ውስጥ በጥበቃ ሥር እያለ በሕመም ሞተ። ፋልኮኔ ግን በግንቦት 1992 ካፓቺ አጠገብ አውራ ጎዳናው ላይ በፈንጂ ተገደለ፤ ባለቤቱ ፍራንቼስካ ሞርቪሎና ሦስት ጠባቂዎቹም አብረውት አለቁ። ቀጥለን የምናነበው የእሱን ታሪክ እንዲሆን ጠይቄያለሁ።