ገና 28 የዋለ ጊዜ

ጥፋቱ የኔ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤዋለሁ። 2012 ዓ.ም. ላይም እንደለመድኩት አስቤ ቅዳሜ ማታ ለእምዬ «ማክሰኞ በጠዋት እንነሳለን፣ ለዋዜማው እንደርሳለን» አልኳት። እምዬ አያቴ ናት። ጥቅምት ላይ ዓይኗን ልትታከም አዲስ አበባ መጥታ፣ ሞራው ተገፍፎላት፣ እኔ ቤት ከርማ ወደ ደብረ ሲና ልትመለስ ነበር።

«ማክሰኞማ ገና ነው» አለች፣ ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል።

«ማክሰኞ እኮ 28 ነው፣ እምዬ።»

«ታዲያስ! ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ቀን አልነበረችም? ከመጋቢት 29 ተነሺና ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ቁጠሪ። ጳጉሜን አንድ ቀን ስለጨመረች እመቤታችን አንድ ቀን ጨምራ ልትሸከም ነው?»

ቆጠርኩ። ልክ ናት። ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን፣ በአራት ዓመት አንዴ ማለት ነው፣ ገና በ28 ይውላል። እኔ ዲግሪ አለኝ፣ እሷ ጣቷን አጥፋ ነው የምትቆጥረው። ሰኞ እንሂድ ብላት ደግሞ «ዋዜማ ቀን መንገድ ላይ አልውልም» አለች። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ለመነሳት ተስማማን።

ላምበረት ስንደርስ መናኸሪያው ሰው በሰው ላይ ነው። ረዳቱ ከታሪፉ እጥፍ ጠራ፣ በሰው ሁለት መቶ ብር። በዓል ነው አልኩና ዋጥኩት። ቀጥሎ ለእምዬ ዕቃ ሌላ ሃምሳ ብር ጠየቀ። ዕቃው አንድ ዘንቢልና አንድ ጀሪካን ዘይት ነው። ልጣላው አፌን ስከፍት እምዬ ቀደመችኝ።

«ልጄ፣ ዘይቱም ይሳፈራል?»

«አዎ እማማ፣ ይከፈልበታል።»

«እንግዲያው ወንበሩን አሳየው።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ፣ ረዳቱም ሳቀ፣ በሰላሳ ብር ተስማማን። እኔ ብሆን አንድ ሰዓት ተከራክሬ ሃምሳውን እከፍል ነበር።

በመስኮት አንድ ሕንፃ በር ላይ የቆመ የገና አባት አየች። ዓይኗ ከተገፈፈ ወዲህ የማታየው ነገር የለም። ነጭ ጢም፣ ቀይ ካፖርት፣ ጥጥ የተበተነበት የፕላስቲክ ዛፍ። ብዙ ካየችው በኋላ «ይሄ ሰውዬ መንዜ ነው?» አለችኝ። አይደለም፣ የፈረንጅ ነው አልኳት። «ታዲያ በርኖሱን ማን ቀይ ነከረበት?»

ሸኖን አለፍ እንዳልን አውቶቡሱ ቆመ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል። ምን እንደተበላሸ የነገረን የለም፤ ሾፌሩ ከሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ነበር የሚታየው። ሸኖ በቅቤ የታወቀ አገር ነውና ቅቤ የያዙ ሴቶች ወዲያው ደረሱ። እኔ ልገዛ ብር አወጣሁ። እምዬ ግን ጾም ስለሆነ አትቀምስም፤ በእጇ ጀርባ ላይ ቀባች፣ አሸች፣ አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች። ከዚያ ለሻጯ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገረቻት። ሴትዮዋ ያንን ሸፍና ከሥር ሌላ ቅቤ አወጣች። ምን እንዳለቻት ስጠይቃት «ሙዙን ለልጆችሽ አብያቸው አልኳት» አለች።

ደብረ ብርሃን ስንገባ መሽቷል። ሾፌሩ በዚህ ጨለማ ጣርማ በርን አልወርድም አለ፤ እውነቱን ነው። አልቤርጎ ፈለግን። ሁለት መቶ ሃምሳ ብር፣ ሁለት አልጋ፣ «ሙቅ ውሃ አለ»። ቧንቧውን ስከፍተው ሳለና ዝም አለ። በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው፤ ከተማው ሦስት ሺህ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ የሰጡን ብርድ ልብስ ደግሞ ከኔ ነጠላ አይወፍርም። ተጨማሪ ስጠይቅ እንግዳ ተቀባይዋ «አልቋል» አለች፣ ስልኳን እያየች። ተናድጄ የአዲስ አበባ አልጋዬን እየጠራሁ ሳማርር እምዬ በጋቢዋ ተጠቅልላ «አንቺ ልጅ፣ እኔ እዚህ ብርድ ውስጥ ሰባት ልጅ ወልጃለሁ» አለችኝ። ምን ይባላል?

ያዳነን የግቢው ዘበኛ ነው። በር አንኳኳ። በአንድ እጁ ትኩስ ውሃ የሞላ ባልዲ፣ በሌላው ሳፋ ይዟል። ክፍሉ አጠገብ በከሰል ለራሱ ያሞቀው ውሃ ነው። «እማማ፣ እግርዎን ይንከሩ፣ አለዚያ እንቅልፍ አይወስድዎትም» አላት። ብር ስሰጠው እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። እምዬ መረቀችው፣ ረጅም ምርቃት፣ ውሃው ሊቀዘቅዝ እስኪደርስ። አራት እግር አንድ ሳፋ ውስጥ ከትተን ተቀመጥን። ወሬው የመጣው ያኔ ነው።

የቤታችን የገና ወሬዎች ሁለት ናቸው። በየዓመቱ ይወራሉ፣ ሁላችንም በቃላችን እናውቃቸዋለን፣ ግን እምዬ ካላወራቻቸው በዓሉ በዓል አይሆንም። ችግሩ ከመጨረሷ በፊት ትስቃለች። ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ እንባዋ ይወርዳል። ቀሪውን እኛ ነን የምንጨርስላት።

አንደኛው የሩሩ ነው። ድሮ በገና ከሰዓት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሜዳ ላይ ገና ይጫወታሉ፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሯን እየለጉ። አባባ፣ የእምዬ ባል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ኮስታራ ሰው ነበር። ሲገባ ዶሮ እንኳ ዝም ይላል ይሉታል። በዚያ ዓመት አንዱ ጎረምሳ የለጋት ሩር ከሜዳው ወጥታ፣ አጥሩን ዘልላ፣ በተከፈተው በር ገብታ የጠላውን ጋን ሆዱን መታችው። ጋኑ ተሰነጠቀ። ጠላው ቤቱን ሞልቶ ወደ ግቢ ወረደ፣ ዶሮዎቹ ተሰብስበው ጠጡ። አውራ ዶሮው በጠራራ ፀሐይ ጮኸ፣ ደግሞ ጮኸ፣ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። አባባ በቁጣ ዱላውን ይዞ ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ ባንድ አፍ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አለው። ቆመ። ዱላውን አየ። ሌላ ነገር ሲያጣ ወደ ሜዳው ሄዶ ለታች ሰፈር ገብቶ ተጫወተ። እምዬ እንደምትለው ኳስ የመታው አንዴ ነው፣ ቁርጭምጭሚት የመታው ግን ብዙ ጊዜ።

ሁለተኛው የድመቷ ነው። ይሄኛው የሆነው በ1980 ነው፤ ያኔም ዘመነ ዮሐንስ ነበር፣ ያኔም ገና በ28 ውሏል። አባባ ማሽላ ሊገዛ ወደ ይፋት ቆላ ወርዶ እስላም ወዳጁ ቤት ሰንብቷል። ቀኑን የሚያስታውሰው የለም፣ እሱም እንደኔ 29 ብሎ ይዟል። በ28 ቀኑን ሙሉ ጾሙን በቅሎ እየነዳ ዳገቱን ወጣ። ለዋዜማ ደረስኩ ብሎ በሩን ሲከፍት ልጆቹ አጥንት እየጋጡ ነው! ደጃፉ ላይ ቆሞ «ሃይማኖታችሁን ለወጣችሁ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ትልቁ አጎቴ የያዘውን አጥንት ብብቱ ሥር ደበቀ። ቄሱ ተጠርተው ጳጉሜንን ቆጥረው እስኪያስረዱት ድረስ አልተቀመጠም። ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፦ ፈረሰኛው የለም። የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት ነው፣ ፈረሰኛው የአባወራው ነው። ድስቱ ቢገለበጥ ክንፍ አለ፣ መላላጫ አለ፣ ፈረሰኛ የለም።

ድመቷ በላችው ተባለ። አባባ በማግስቱ በጆንያ አድርጎ ወንዝ ማዶ ወስዶ ጣላት። ሲመለስ ምድጃ ዳር ተኝታ ጠበቀችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ፈረሰኛ ሆነ፤ ከሷ በኋላ ቤታችን የገባች ድመት ሁሉ ፈረሰኛ ናት።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ሳቁ ይመጣል። በዚያ ሌሊት ግን አልሳቀችም። እግሯን ከውሃው አወጣች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጣት በጣት አደረቀች።

«ድመቷ አልበላችውም» አለች።

«እና ማን በላው?»

«አክስትሽ።»

«የትኛዋ?»

«ታናሽዋ።»

«እምዬ፣ እሷ እኮ ያኔ አልተወለደችም።»

«ታዲያ ሆዴ ውስጥ ሆና ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሌሊት ሲመለሱ ሁሉም ወደቀ። እሷ ጨዉን ልቅመስ ብላ ድስቱን ከፈተች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ጾሙን ሙሉ አምሮቷን ይዛ ቆይታለች። ክንፉን ልበላ ነበር ትላለች፣ በጨለማ እጇ የገባው ፈረሰኛው ሆነ። «መልሼ ላስቀምጠው ብል ነክሼዋለሁ። የተነከሰ ፈረሰኛ ለባል ይቀርባል?» ሠላሳ ሁለት ዓመት ማንም አያውቅም። አባባም ሳያውቅ ሞተ። ለንስሐ አባቷ ተናግራ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ጾሙ ተፈቷል፣ ምን ብዬ እናገራለሁ? የድመቷን ነገር ግን ነግሬያቸዋለሁ» አለችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አልጋው እስኪጮህ ሳቅን። ከጎን ክፍል ግድግዳው ተመታብን።

ጠዋት ጣርማ በር ጉም ለብሶ አምስት ሜትር አያሳይም። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጭላዳዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። «እነሱም ጾመኛ ናቸው» አለች እምዬ። ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮቹ ወደ መስኮቱ ተሯሯጡ፣ አንዷ በስም ጠራቻት፣ ከዚያ በኋላ ቤት እስክንደርስ ሰላምታ ብቻ ነበር።

ሰኞ ዶሮ ስንገነጣጥል ዋለ። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አደርን፣ እኔ ግማሹን ቆሜ ተኝቼ።

በገና ዕለት ጠዋት መሶቡ ዙሪያ አሥራ አራት ሰው ሆንን። የዛሬዋ ፈረሰኛ፣ ግራጫ ናት፣ አጎቴ ጉልበት ሥር ተጠቅልላለች። አጎቴ ፂሙ ሸብቷል፣ አሁን ፈረሰኛው የሚወጣው ለሱ ነው። ድስቱ ሲከፈት እንደ ልማዱ ድመቷን በጣቱ ገፋ አደረጋት። «ቆጥራችሁ አውጡ! የዚች ዘር አይታመንም። በ80 ዓ.ም. ቅድመ አያቷ...» ብሎ ጀመረ። ታናሽ አክስቴ ከማንም በላይ ትስቃለች።

እምዬን አየኋት። እሷም አየችኝ።

«ይልቅ ስለ ድመቷ አንድ ነገር...» አልኩ።

ቃሉን አልጨረስኩትም። እምዬ ፈረሰኛውን ከነመረቁ በእንጀራ ጠቅልላ፣ እንቁላሉንም ጨምራ፣ ልጇ እያየ አፌ ውስጥ ከተተችው።

«ብዪ፣ መንገድ ደክሞሻል» አለችኝ።