ብርቱውን የእንግሊዝ ኤል ከጠርሙስ መቅመስ፦ ቅዝቃዜው፣ አተላውና አቀዳዱ

ከአገር ቤት ወደ እንግሊዝ የሚመጣ ሰው አፉ የለመደው ላገር ቢራ ነው፤ በረዶ የሆነ፣ ጋዙ አፍንጫ የሚኮረኩር። ቡናማውን የኤል (የእንግሊዞች ባህላዊ ቢራ) ጠርሙስ ከሱፐርማርኬት ሲያነሳም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያሳድረዋል፣ ቆርኪውን ይነቅላል፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ይገለብጠዋል። ከዚያ “ይሄማ የሞተ ቢራ ነው፤ ጋዝ የለው፣ ድፍርስ፣ ምሬት ብቻ” ይባላል። እንዲህ ከተቀዳ የትኛውም ብርቱ ኤል ከዚህ የተሻለ አይሆንም።

ነገሩ ከእርሾው ይጀምራል። የኤል እርሾ ሞቅ ባለ ጋን፣ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሠራል፤ የላገር ግን በ10 ዲግሪ አካባቢ ቀስ ብሎ ነው። ሙቀቱ እርሾውን የፍራፍሬ ሽታ ያላቸው ኤስተር የሚባሉ ውህዶች እንዲያወጣ ያደርገዋል። የብርቱ ኤል ጣዕም ግማሹ ይኸው ሽታ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አይወጣም። 4 ዲግሪ ላይ ምላስ የሚያገኘው የሆፕን (ቢራን የሚያመርረው ተክል አበባ) ምሬትና ጥቂት ጣፋጭነት ብቻ ነው። ጋዙም ቢሆን አልጠፋም፤ ኤል ሲሠራ ጀምሮ ከላገር ያነሰ ጋዝ ነው የሚሰጠው፣ ከበዛ ብቅሉን ይሸፍነዋልና።

ለጀማሪ የምንመክረው ፉለርስ 1845ን ነው። ምዕራብ ለንደን ቺዚክ ያለው የግሪፊን ጠመቃ ቤት የቀድሞ ባለቤቶች ሽርክና 150ኛ ዓመት ሲከበር በ1995 የተጀመረ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ አልኮሉ 6.3 በመቶ፣ ሕያው እርሾው ጠርሙሱ ውስጥ ያለ። ከዚያው ቤት ቪንቴጅ ኤል በየዓመቱ ይወጣል፤ ከ1997 ጀምሮ ዓመቱ እየተጻፈበት በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል፣ 8.5 በመቶ ነው። ከሰሜን፣ ከስቶክፖርት፣ መለያው ላይ ድመት ያለበት የሮቢንሰንስ ኦልድ ቶም አለ፤ እሱም 8.5 በመቶ ነው፣ ታሪኩም ወደ 1899 ይመለሳል። ለስለስ ያለ የሚፈልግ ከዮርክሻየር የማሻም ከተማ የሚመጣውን የቲክስተን ኦልድ ፒኪዩሊየር ይሞክር፣ 5.6 በመቶ። የሰፎኩ ስትሮንግ ሰፎክ ደግሞ ለየት ይላል፦ በትልልቅ የኦክ በርሜሎች ሁለት ዓመት ያረፈ 12 በመቶ አሮጌ ኤል ከአዲስ ጋር ተደባልቆ 6 በመቶ ላይ ይቆማል። ጎምዘዝ የሚለው የእንጨት ጣዕም ከአሮጌው የመጣ እንጂ የመበላሸት ምልክት አይደለም።

ሲገዙ የኋላ መለያውን ያንብቡ። “ቦትል ኮንዲሽንድ” የሚል ካለ እርሾው ውስጡ አለ፣ አተላ ይኖረዋል ማለት ነው። ከሌለ ተጣርቷል፤ እንዳሻችሁ ብትቀዱት ችግር የለውም። ጠርሙሱ ቡናማ ይሁን። ነጭ ጠርሙስ በሱቅ መብራት ሥር ሲሰነብት ብርሃኑ የሆፑን መራራ ንጥረ ነገር ይሰብረዋል፤ ሲከፈት የሚሰነፍጥ፣ የተቃጠለ ጎማ የሚያስታውስ ሽታ ያወጣል። ከመደርደሪያው ፊት ያለውን ትታችሁ ከኋላው ውሰዱ።

ቤት ከገባ በኋላ ጠርሙሱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ቆሞ ይዋል፤ በአውቶቡስ ሲንገላታ የመጣ ከሆነ ሁለት ቀን። አይጋደም። ቦታው ጨለማና ቀዝቃዛ ይሁን፤ የፍሪጅ አናት ግን የሚሞቅ ቦታ ነው፣ የጋራ ቤት የሚኖሩ ብዙዎቻችን ጠርሙስ የምንደረድረው እዚያ ቢሆንም። ለመጠጣት ጥሩው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ ባለ 500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ከሆነም አውጥታችሁ አንድ ሰዓት ጠብቁት። ፍሪዘር ውስጥ መክተት አይታሰብም።

አሁን ወደ አቀዳዱ እንምጣ፤ አብዛኛው ጠርሙስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ብርጭቆው በደንብ የታጠበና በንጹሕ ውኃ የተለቀለቀ ይሁን። የሳሙና ቅሪት ወይም የቅባት ጠብታ አረፋውን ወዲያው ይገድለዋል፤ ወተት የተጠጣበት ብርጭቆ እንዲያውም የባሰ ነው። መጠኑ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ የሚይዝ መሆን አለበት፤ የመጠጥ ቤቱ ፓይንት ብርጭቆ 568 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሙሉውን ጠርሙስ ከነአረፋው ይችለዋል። ቆርኪውን ሳትነቀንቁ ክፈቱ። ብርጭቆውን በግማሽ አጋድላችሁ በጎኑ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ጠርሙሱን አንዴ ካዘነበላችሁ በኋላ መልሳችሁ አታቁሙት። ሲቆም ፈሳሹ ወደ ኋላ ይመለስና አተላውን ያናውጠዋል፣ ከዚያ ሁለተኛው ቅጂ እንደ ጉሽ ጠላ ይደፈርሳል። ከጠርሙሱ ጀርባ መብራት ይኑር፤ ደመና የመሰለው ነገር ወደ አንገቱ ሲቃረብ አቁሙ። ታች የሚቀረው አንድ ሁለት ማንኪያ ነው፣ ለዚያ አትሳሱ። ለሁለት ሰው ከሆነ ሁለቱን ብርጭቆ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ፣ ጠርሙሱን እንዳዘነበላችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው እለፉ፤ ወይም መጀመሪያ ሁሉንም ጆግ ላይ ቅዱት። የደፈረሰ ኤል ለጤና አይጎዳም፤ ግን እርሾው የዳቦ ሊጥ ጣዕምና ሻካራ ምሬት ያመጣል፣ ሆድ የሚነፋውም ሰው አለ።

ከመጠጣታችሁ በፊት አሽትቱ። ብርጭቆውን ትንሽ ዞር ዞር አድርጉት፣ አፍንጫችሁን አስገቡ። 1845 ላይ የብርቱካን ማርማላታ፣ የተጋገረ ዳቦና ዘቢብ ይመጣል፤ የማርማላታው ሽታ የዚያ ቤት እርሾ መታወቂያ ነው። ኦልድ ቶም ወደ ጥቁር ቸኮሌትና ቴምር ያደላል። ትንሽ ተጎንጭታችሁ አፍ ውስጥ አንሸራሽሩት፣ ስትውጡ በአፍንጫ ተንፍሱ። እንደ ወይን ቀማሾች መትፋት እዚህ አያዋጣም፤ የሆፕ ምሬት በደንብ የሚሰማው ከዋጡ በኋላ ጉሮሮ አካባቢ ነው። ግማሹን ጠጥታችሁ ሩብ ሰዓት ተዉትና ደግሞ ቅመሱት። 12 ዲግሪ ላይ ደረቅ የነበረው 16 ላይ ጣፋጭና ወፍራም ይሆናል፤ ከ18 በላይ ደግሞ አልኮሉ ብቻውን ይወጣል።

መጥፎ ጠርሙስም ያጋጥማል። የእርጥብ ካርቶን ሽታ አየር የገባበት ወይም ሙቀት ላይ የከረመ ነው። ኮምጣጤ ከሸተተ ባክቴሪያ ገብቶበታል። የቀለጠ ቅቤ ሽታ ትንሽ ከሆነ አንዳንድ የእንግሊዝ ጠማቂዎች ሆን ብለው የሚተዉት ነው፤ ሲበዛ ግን ጉድለት ነው። ሲከፈት አረፋው ገንፍሎ የሚፈስ ከሆነ ወይ ተንገላትቷል፣ ወይ እርሾው ጠርሙስ ውስጥ ከልክ በላይ ሠርቷል። በጥንካሬው ምክንያት ለዓመታት የሚቆየው እንደ ቪንቴጅ ያለው ብቻ ነው፤ ቆሞ 12 ዲግሪ አካባቢ ሲቀመጥ ምሬቱ እየበረደ ወደ ሼሪ ወይን ይጠጋል። አልኮሉ አምስት በመቶ አካባቢ የሆነውን ኤል ለዓመታት ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከምግብ ጋር? ክትፎን ከነሚጥሚጣው አንመክርም፤ አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፣ የሆፑም ምሬት ይጨመርበታል። በርበሬ ያልበዛበት፣ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ የበሬ ጥብስ ግን ከብቅሉ ጋር በጣም ይስማማል። የገብስ ቆሎም እንዲሁ። ከአገሩ ምግብ የበሰለ ቸዳር አይብ፣ ለኦልድ ቶም ደግሞ ስቲልተን የሚባለው አይብ። ጾመኞች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አንዳንድ የእንግሊዝ ኤሎች ድፍርሳቸው የሚወገደው ከዓሣ ፊኛ በሚሠራ አይሲንግላስ በሚባል ነገር ነው። መለያው ላይ “ቪጋን” የሚል ካለ ያ የለበትም።

በመጨረሻ ስለ መጠኑ፣ በተለይ ታክሲና ዴሊቨሪ ለምትሠሩ። በብሪታንያ አንድ ዩኒት 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው። 500 ሚሊ ሊትሩን በ6.3 በመቶ ስታሰሉት አንድ ጠርሙስ 1845 ከ3 ዩኒት በላይ ይሆናል፤ 500 ሚሊ ሊትር ቪንቴጅ ከ4 በላይ። ባለ 330 ሚሊ ሊትሩ 5 በመቶ ላገር 1.65 ብቻ ነው፤ ማለትም አንዱ ቪንቴጅ ከሁለት ላገር ይበልጣል። የጤና ምክሩ በሳምንት ከ14 ዩኒት አትለፉ ይላል። ሰውነት አንዱን ዩኒት ለማስወገድ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሁለት ቪንቴጅ የጨረሰ ሰው ንጋት 11 ሰዓት ላይ መኪና ሲያስነሳ አልኮሉ ገና ደሙ ውስጥ አለ። የእንግሊዝ የአሽከርካሪ ወሰን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም ነው፤ ስኮትላንድ ውስጥ ግን ከ2014 ጀምሮ 50 ሆኗል፣ ከለንደን ጭነት ይዞ ወደ ግላስጎ የሚወጣ ሰው ድንበሩን ሲሻገር ሕጉ ይጠብቅበታል።