ጥርስ ያለው ጫማ

በፊንላንድኛ መጀመሪያ አሳምሬ የያዝኩት ግስ «ካአቱይ» የሚለው ነው። ወደቀ ወይም ወደቀች ማለት ነው፤ ቋንቋው ወንድና ሴት አይለይም። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 2012 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ታምፔሬ ከተማ ከባለቤቴ ጋር ከተገናኘሁ ገና አራት ወሬ ነበር። ቃሉን ያስተማረኝም የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት አሮጊት ጎረቤቴ ቴሌቪዥን ነው።

እዚህ አገር ትልቅ ሰውም በስሙ ይጠራል። እኔ ግን ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት በስማቸው መጥራት ከአፌ አልወጣ ብሎኝ «እማማ» እላቸው ነበር። ትርጉሙን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ የገና ካርድ ሲልኩልን ራሳቸው «እማማ» ብለው ይፈርሙበት ጀመር። ከእሳቸው ጋር ያቀራረበን ቡና ነው ብል ማንም አይገረምም፤ የበለጠ ያቀራረበን ግን «አዎ» የምንልበት መንገድ ነው። ፊንላንዳውያን «ዮ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ልክ እኛ በወሬ መሐል «እህ» ብለን አየር ስበን እንደምንስማማው ማለት ነው። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸውም መጀመሪያ ያነሱት ስም ምሩጽ ይፍጠር ነበር። በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩጽ በ10,000 ሜትር ወርቁን ሲወስድ የእሳቸው አገር ሰው ካርሎ ማኒንካ ሁለተኛ መውጣቱን ከሠላሳ ዓመት በኋላም አልረሱትም።

በዚያ ሳምንት የሚመለከቱት በእንግሊዟ ሼፊልድ የሚካሄደውን የአውሮፓ የፊገር ስኬቲንግ ሻምፒዮና ነበር። በፊንላንድኛ ታይቶሉይስቴሉ ይባላል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «በበረዶ ላይ በችሎታ መንሸራተት» እንደማለት ነው። ለእኔ በረዶ ማለት ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው፣ ሰብል የሚያጠፋው ነገር ነው። በዚያ ነገር ላይ ስስ ቀሚስ ለብሳ ወደ ኋላ የምትንሸራተት ልጅ ማየት መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራ የፈቱ ሰዎች ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ልጅቷ ኪይራ ኮርፒ ትባላለች። የታምፔሬ ልጅ በመሆኗ እማማ ስለእሷ ሲያወሩ የቤተሰባቸው አባል ነበር የምትመስለው። አባቷ ራውኖ ኮርፒ የበረዶ ሆኪ አሠልጣኝ ሲሆን፣ በ1998 በናጋኖ ኦሊምፒክ የፊንላንድን የሴቶች ቡድን ለነሐስ ያበቃው እሱ ነው። ታምፔሬ ደግሞ ሆኪ የሚመለክባት፣ በፊንላንድ የመጀመሪያው ጣሪያ ያለው የበረዶ አዳራሽ ሃካሜትሳ በ1965 የተከፈተባት ከተማ ናት። ኪይራ በ17 ዓመቷ በ2006 የቱሪን ኦሊምፒክ ተወዳድራ 16ኛ ወጣች። ይህን ስሰማ አንድ ነገር ትዝ አለኝና እኔም በተራዬ የማስተምረው አገኘሁ፤ ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወከለችው በዚያው በቱሪን ነው፤ የወከላትም አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪው ሮቤል ተክለማርያም ነው። እማማ አላመኑኝም። ባለቤቴ ኮምፒውተሩን ይዞ ወርዶ አሳያቸው።

ከቱሪን በኋላ ያለውን በየቡናው ቀስ በቀስ ነገሩኝ። በ2007 በዋርሶ የአውሮፓ ሻምፒዮና ገና 18 ዓመቷ ሳለች ነሐስ አገኘች፤ በ2011 በበርን ነሐሱን ደገመችው። በሼፊልድ፣ እኔ ባየሁት ውድድር፣ ከጣሊያናዊቷ ካሮሊና ኮስትነር ቀጥሎ ብር ወሰደች። ይህ ሁሉ ሆኖ በአገሯ ብቸኛዋ አልነበረችም። ሱሳና ፖይኪዮ በ2005 የአውሮፓ ብር አግኝታ መንገዱን ከፍታለች፤ ኪይራን በአምስት ወር ብቻ የምትበልጣት የኤስፖዋ ላውራ ሌፒስቶ ደግሞ በ2009 በገዛ አገሯ ሕዝብ ፊት፣ ሄልሲንኪ ላይ፣ የአውሮፓን ወርቅ ወስዳለች፤ በማግስቱ ዓመትም በዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ሆናለች። በዚያን ጊዜ አምስት ሚሊዮን ተኩል የማይሞላ ሕዝብ በነበረበት አገር ሦስት እንዲህ ያሉ ልጆች በአንድ ዘመን መገኘታቸው በቆጂን ያስታውሰኛል። ላውራ ግን በጀርባ ሕመም ምክንያት በ2012 ውድድር አቆመች።

ውድድሩን ማየት የለመድኩት ሕጉ ሲገባኝ ነው። ተወዳዳሪዋ ሁለት ጊዜ ትቀርባለች፤ አንዱ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ አጭር ትርኢት፣ ሌላው በዚያን ጊዜ አራት ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ረጅም ትርኢት ነው። ዳኞች ለዝላይና ለሽክርክሪቱ አንድ ነጥብ፣ ለአጨፋፈሯና ለእንቅስቃሴዋ ጥራት ሌላ ነጥብ ይሰጣሉ። በአየር ላይ ሦስት ጊዜ ዞራ የምታርፈው በአንድ እግር፣ ወደ ኋላ እየሄደች፣ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር በሆነ ስለት ጠርዝ ላይ ነው። ከወደቀች የዝላዩ ዋጋ ከመውረዱም በላይ ለውድቀቱ ለብቻው አንድ ነጥብ ይቀነስባታል፤ ሙዚቃው ግን አይቆምላትም። ከዚያ ከአሠልጣኟ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ካሜራ ፊቷ ላይ ተደቅኖ፣ ቁጥሯን ትጠብቃለች። እማማ ያቺን ወንበር አይወዷትም ነበር፤ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ተነሥተው ጀበናቸውን ሊያዩ ይሄዳሉ። (ጀበናውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ የሚያፈሉበት ግን የሱቅ ቡና ነበር።)

በዚያው ዓመት ኅዳር ኪይራ ሞስኮ ላይ በተካሄደው ግራንድ ፕሪ በሚባለው ዓለም አቀፍ ውድድር አንደኛ ስትወጣ እማማ ደረጃውን ወጥተው የቤታችንን ደወል ደወሉ። ከዚያ በኋላ ደስታው አልቀጠለም። የተረከዟ ጅማት ተጎድቶ ቀጣዩን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ አጣች፤ የ2014ቱ የሶቺ ኦሊምፒክም አብሮ አመለጣት። እኔም በዚያው ክረምት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወደ ጽዳት ሥራዬ ስሄድ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አንሸራትቶኝ የእጄ አንጓ ተሰበረ። ሶቺን ያየነው እጄ በጀሶ ታስሮ፣ እሷ በሌለችበት ነው። እማማ ወደ እኔ እያዩ «ካአቱይ» ሲሉ ስቄ እንባዬ መጣ።

ኪይራ ተመለሰች። በታኅሣሥ 2014 የፊንላንድን ሻምፒዮና አሸነፈች፤ በማግስቱ ወር በስቶክሆልም የአውሮፓ ሻምፒዮና ግን ሦስቱንም ሜዳሊያ ሦስት የሩሲያ ልጆች ወሰዱት። በነሐሴ 2015 በቃኝ አለች። 26 ዓመቷ ነበር። እኔ ፊንላንድ የገባሁት በ26 ዓመቴ ነው፤ ቋንቋውን፣ ሥራውን፣ አረማመዱን እንኳ እንደ ሕፃን ከዜሮ የጀመርኩት በዚያ ዕድሜ ነው። እሷ በዚያው ዕድሜ አንድ ሙሉ የሥራ ዘመን ጨርሳ ሰውነቷን እያስታመመች ነበር። ኋላ ኒውዮርክ ሄዳ ሥነ ልቦና አጠናች፤ ስለ ወጣት ስፖርተኞች የአእምሮ ጤንነትና በልጆች ላይ ስለሚደርሰው ጫናም በአደባባይ ትናገራለች። ይህን ስሰማ ለጊዜው ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ በክረምት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ስኬቲንግ ስላለ ጫማና የራስ መከላከያ አምጡ የሚል መልእክት ደረሰን። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በርካሽ ገዝቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችና «እማዬ፣ ይሄ እኮ ጥርስ የለውም» አለችኝ። የሆኪ ጫማ ነበር የገዛሁላት። የፊገር ስኬቲንግ ጫማ ከስለቱ ጫፍ ላይ እንደ መጋዝ የተነቀሰ ጥርስ አለው፤ ለአንዳንዱ ዝላይ በረዶውን ወግተው የሚነሡበት እሱ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ሳየው የኖርኩትን ነገር አላየሁትም ማለት ነው። ጥርስ ያለውን ፈልጌ አገኘሁላት።

ሰፈራችን ያለው ሜዳ በውርጭ ቀን ውኃ ይረጭበትና ይጋገራል። እዚያ ወሰድኳት። ጥርሱ በረዶውን እየነከሰ በግንባሯ ደፋት። ተነሣች፤ ደፋት። እኔ ከዳር ሆኜ፣ ሌሎቹ ወላጆች ዝም ብለው ሲያዩ፣ «ተነሺ! ሰባት! ቶሎ ተነሺ! ስምንት!» እያልኩ በአማርኛ እጮህ ነበር። እየተንገዳገደች ወደ አጥሩ መጣችና፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ «እማዬ፣ አትቁጠሪብኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ያቺ ወንበርና ጀበናቸውን ሊያዩ የሚነሡት እማማ ድቅን አሉብኝ። ዝም ብዬ ጎንበስ አልኩና ቁርጭምጭሚቷ ላይ የላላውን ክር አጠበቅሁላት።

እማማ በዚያን ጊዜ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገብተው ነበር። እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ልጄ ነገርኳቸው። «ካአቱይ?» አሉኝ። አየር ወደ ውስጥ ስቤ «ዮ» አልኳቸው፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልጠየቁኝም።