የጃንሆይ በትር በኪንግስተን

እማማ የሚኖሩት ሻሸመኔ፣ ጃማይካ ሰፈር፣ ከእናቴ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ባለው ግቢ ነው። የመጡት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አማርኛቸው ሠላሳ ዓመት አልፎትም ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔን እስከ ዛሬ «አንተ» ነው የሚሉኝ። ግድግዳቸው ላይ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ በቀር ምንም የለም። የአገራቸው ፖለቲካ ሲነሳ ግን አንድ ስም ብቻ ይመላለስባቸዋል፤ የቀድሞው የጃማይካ ጠቅላይ ሚኒስትር ማይክል ማንሌ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማንሌ የድሃ ልጅ አልነበረም። አባቱ ኖርማን ማንሌ ስመ ጥር ጠበቃ ነበር፤ በ1938 የሕዝብ ብሔራዊ ፓርቲን ከመሠረቱት ዋናው እሱ ነው። እናቱ ኤድና ቀራጺ ነበረች። የአባቱ ትልቁ የፖለቲካ ባላንጣ አሌክሳንደር ቡስታማንቴም የገዛ ዘመዱ ነበር፤ የአንድ ቤት ሰዎች ተጣሉና አገሩ በሁለት ፓርቲ ተከፈለ። ልጁ ማይክል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በካናዳ አየር ኃይል አገለገለ፣ ለንደን ተማረ፣ ተመልሶም የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞችን በማኅበር ማደራጀት ያዘ። በ1964 የብሮድካስት ጣቢያው ሠራተኞች አድማ ሲመቱ ሕንፃውን እያሳየ የኢያሪኮ ግንብ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ «ኢያሱ» ብሎ ጠራው።

ወደ በትሩ ልምጣ። ጃንሆይ ጃማይካን በ1966 ሲጎበኙ ሕዝቡ አውሮፕላናቸውን እንደ ንብ ከቦት ለመውረድ እንኳ ተቸግረው ነበር። እማማ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ጫማቸውን እዚያ ግፊያ ውስጥ ጥለው በባዶ እግራቸው ቤታቸው እንደ ገቡ ይናገራሉ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ማንሌ አዲስ አበባ መጣ፤ ጃንሆይም በትር ሰጡት። ለእኛ እንግዳን በስጦታ መሸኘት ወግ ነው፤ እዚህ ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም። ኪንግስተን ሲደርስ ግን በትሩ «የማረሚያ በትር» ተባለ። ማንሌ በየምርጫ ስብሰባው ከፍ ሲያደርገው ሰው ለመንካት ይረጋገጥ ነበር። የካቲት 1972 ላይ ፓርቲው ከ53 መቀመጫ 37ቱን አሸነፈ።

እኔ እዚህ ላይ እታዘበዋለሁ። ለንደን የተማረ፣ ጃንሆይ አምላክ ናቸው ብሎ የማያምን ሰው፣ በዚያ ለሚያምኑት ድሆች በትራቸውን ያወዛውዛል። ይህንን አንድ ቀን ለእማማ ነገርኳቸው። «ታዲያ ምን ይያዝ? ጃንጥላ?» አሉኝ። እሳቸው በዚያ ምርጫ ድምፅ አልሰጡም፤ ለመራጭነት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልግ ነበርና ሃያ ዓመታቸው ነበር። በኋላ ዕድሜውን ወደ 18 ዝቅ ያደረገው የማንሌ መንግሥት ነው።

እማማ ማንሌን የሚወዱት ግን በበትሩ ምክንያት አይደለም። አንደኛ ክፍል ስመዘገብ መዝጋቢው የአባቴን ስም ሲጠይቅ እናቴ ሳታመነታ የራሷን አባት ስም ተናገረች። ዛሬም የምጠራው በአያቴ ስም ነው። የሰፈር ልጅ ምን ይደበቀዋል? አንድ ቀን «ዲቃላ» ብለውኝ እያለቀስኩ ስመለስ እማማ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። አልጋቸው ሥር ጎንበስ ብለው ክዳኑ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ነበር፤ በ1974 የተወለደው የልጃቸው የልደት ምስክር ወረቀት። በጣታቸው አንድ ቦታ ነኩልኝ። የአባት ስም የሚጻፍበት ነው፤ ባዶ ነበር።

ጃማይካ አብዛኞቹ ሕፃናት ከጋብቻ ውጭ የሚወለዱባት አገር ናት። ከእንግሊዞች የወረሱት ሕግ ግን እንዲህ ያለውን ልጅ ከአባቱ ውርስ ያገልለው ነበር። በ1976 የማንሌ መንግሥት ሕግ አውጥቶ በጋብቻም ሆነ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ መብቱ እኩል ነው አለ። ሕዝቡም በሰፈር ቋንቋው «ከእንግዲህ ዲቃላ የሚባል የለም» ይል ጀመር። እማማ ይህን በእንግሊዝኛቸው ጮክ ብለው አሉት፤ ቀጥለውም ለእኔ በአማርኛ ደገሙት። ዲቃላ የሚለውን ቃል ሰፈራችን ውስጥ ስለ ሰሙት በደንብ ያውቁታል።

የቀረው ታሪክ ደስ አይልም። በ1974፣ በትሩን የሰጡት ጃንሆይ ከዙፋን በወረዱበት ዓመት፣ ተቀባዩ «ዴሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም» አወጀ፤ አሉሚኒየም የሚወጣበትን ማዕድን፣ ቦክሳይትን፣ በሚያወጡት ኩባንያዎች ላይም ከበድ ያለ ግብር ጣለ። ትምህርት በነፃ ሆነ፣ የደመወዝ ወለል ተወሰነ። ግን ሀብታሙ ገንዘቡን እያሸሸ ወጣ፤ ማንሌም ሚሊየነር መሆን ለሚፈልግ በቀን አምስት በረራ ወደ ማያሚ አለ ብሎ ተናገረ። አጉል አነጋገር ነበር፤ ሰዎቹ እውነትም ተሳፈሩ። ሩዝ፣ ዘይትና ሳሙና ጠፋ። ባለሱቁ ሩዝ የሚሸጠው የማትፈልገውን ዕቃ አብረህ ከገዛህ ነበር፤ እማማ እንዳሉኝ ይህንን «ማጋባት» ይሉት ነበር። በደርግ ዘመን ቀበሌ ሱቅ የተሰለፈችው እናቴ ይህን ስትሰማ ከልቧ ሳቀች።

ቦብ ማርሌይ በ1978 የማንሌንና የተቀናቃኙን የኤድዋርድ ሲያጋን እጅ መድረክ ላይ ያያያዘበትን ፎቶግራፍ ሁሉም አይቶታል፤ አልፈዋለሁ። ሰላም አላመጣም። በ1980 የምርጫ ዓመት ከ800 በላይ ሰው ተገደለ፤ ማንሌም ከ60 መቀመጫ ዘጠኝ ብቻ ይዞ ወደቀ። በ1989 ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ከገበያው ጋር የታረቀ። በ1992 በሕመም ምክንያት ሥልጣኑን ለቀቀ፤ መጋቢት 1997 በካንሰር ሞተ። ቀብሩ ላይ ፊደል ካስትሮ ተገኝቷል።

በትሩ ራሱ አከራካሪ ሆኖ ነበር። ሲያጋ በአንድ ወቅት በትሩ እኔ እጅ ገብቷል ሲል ማንሌ ደግሞ እውነተኛው ይኸውላችሁ ብሎ ሌላ አወጣ። ባለፈው ፋሲካ ሻሸመኔ ሄጄ እማማን ጠየቅኳቸው፤ የትኛው ነበር እውነተኛው?

ሻይ እየቀዱልኝ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

«እኔ የነካሁት ነዋ» አሉኝ። «ስኳር ስንት ላድርግልህ?»